በድሆች ገንዳ ላይ የተሰጠ ምስክርነት

በካልዳሽ ደ ላጄ «አይሆንም» የሚል ሰው አይወለድም። ቢወለድም እናቱ አፍ አፉን ብላ ታሳድገዋለች። ከተማዋ የምትኖረው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ለፍል ውሃው በሚመጡ እንግዶች ነው፤ «አይሆንም» የተባለ እንግዳ ደግሞ በዓመቱ አይመለስም። ስለዚህ ሰማዩ ጠቁሮ ጣሪያ ሊነካ እያለ እንግዳው «ዛሬ እንኳን አይዘንብም» ቢል መልሱ «እርስዎ እንዳሉት» ነው። «ይህ ውሃ ጉበቴን ያድነዋል አይደል?» ቢልም «እርስዎ እንዳሉት» ነው። እንግዳው ይደሰታል፣ ከተማው ይበላል። ብርድ ሲገባ ሆቴሎቹ መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ ሰዉም በየምድጃው ዳር ተቀምጦ ስድስት ወር የዋጠውን ስድብ እርስ በርሱ ይወራወራል።

ኤርሜሊንዳ ይህን ቃል አርባ ሦስት ዓመት ተናግራዋለች። በመጠጫው አዳራሽ ውሃ ቀጂ ሆና የገባችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ውሃው ከሚወርድበት ሰፊ የእብነ በረድ ሳህን ጀርባ ትቆማለች። ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ የእንግዶቹ ብርጭቆዎች በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። እንግዳው የሐኪሙን ወረቀት ያሳያታል፣ እሷም ከነሐሱ የቧንቧ አፍ ቀድታ እስከ ታዘዘለት መስመር ድረስ ትሞላለታለች። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አዲስ እንግዳ አፍንጫውን ሲሸበሽብ «በሦስተኛው ቀን ይወዱታል» ትለዋለች። ማንም ወዶት አያውቅም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በዓመቱ የማይመለሱትን ሰዎች ብርጭቆ ከመደርደሪያው ታወርዳለች፤ ማን እንደማይመለስ በፊታቸው ቀለም ታውቀዋለች። ብርጭቆውን በደንብ አጥባ በሚቀጥለው ግንቦት ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ስለ ቀድሞው ባለቤት ትንፍሽ አትልም።

አዳራሹ ውስጥ እንዲህ አንገቷን ሰብራ የምትውለው ሴት ቤቷ ስትገባ ሌላ ሰው ናት። ለማታ ሾርባ ጎመኑን እንደ ፀጉር አቅጥና እየከተፈች፣ ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችውን ሁሉ ለጎመኑ ትነግረዋለች። «በሦስተኛው ቀን ይወዱታል! አንቺ ጠጪው እስቲ፣ ባለ ባርኔጣዋ!» ቢላዋው ከመክተፊያው ላይ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል። ወንድሟ ዜፌሪኖ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

የአዳራሹ ውሃ ተርፎ ከግድግዳው ውጭ በድንጋይ አፍ ይወጣና ረጅም የጥቁር ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል። ይህ የድሆች ገንዳ ነው። ድሮ ድሮ እከክ መላ ሰውነቱን የወረሰው አንድ ጳጳስ በበቅሎ መጥቶ አርባ ቀን ተነከረ፤ ማከኩን ሲያቆም ትርፉ ውሃ ለዘላለም ያለ ዋጋ የድሆች ይሁን ብሎ ድንጋዩ ላይ አስቀረጸ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ጽሕፈቱን ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በክርናቸው ፈግፍገው ጨርሰውታል። ውሃው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ገንዳው ላይኛው ጫፍ ላይ ውሃው ስለሚፋጅ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ይነክሩበታል፤ ላባው በእጅ ይረግፋል። መሐል ላይ ልብስ ይታጠባል። ታችኛው ጫፍ ላይ እጅ ይችለዋልና ሽማግሌዎች እግራቸውን ያስቀምጡበታል። በትልቁ ጦርነት ጊዜ ከየአገሩ የተባረሩ ባለ ፀጉር ካፖርት ሴቶች በሆቴሎቹ ታጉረው ሳለ የውስጥ ልብሳቸውን ያጠቡት እዚሁ ነው። ኋላም ወታደሮቹ አሮጌውን መንግሥት ጥለው፣ ቅኝ ግዛቱን አንጎላን ለቀው የተመለሱት ወገኖች በትልቁ ሆቴል በየክፍሉ ስምንት ስምንት ሲከመሩ፣ ከተማው ፊት ለፊት «እርስዎ እንዳሉት» እያለ ከኋላ «ሌቦች» ይላቸው ነበር። ገንዳው ግን የማንንም ወረቀት አልጠየቀም። በዚህ ከተማ ግብዝነት የሌለበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር፤ ይህን የምለው በምሬት ነው።

ዜፌሪኖ ያለዚያ ገንዳ ሰው አይሆንም። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቮልፍራም የሚሉትን ጥቁር ማዕድን ሊቆፍር ጉድጓድ ገባ፤ ያን ጊዜ በትልቁ ጦርነት የሚዋጉት ሁለቱም ወገኖች ማዕድኑን እየተሻሙ ይገዙ ነበርና ማንም የልጅ ዕድሜ አልጠየቀም። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ በሚበሳ ማሽን ላይ ቆየ። ማሽኑ እጁን አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ጨረሰው። አሁን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ጣቶቹ ተጨብጠው አይዘረጉም። በየማለዳው ወደ ገንዳው ታችኛው ጫፍ ወርዶ ግማሽ ሰዓት እስከ አንጓው ይነክራቸዋል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ከዚያ እስከ ቀትር የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል፣ ማንኪያ ይይዛል፣ ቡና ቤት ሄዶ ካርታ ይጫወታል። ከቀትር በኋላ እንደገና ይጨበጣሉ፤ የቀረውን እህቱ ታደርግለታለች። ሚስት አላገባም። ያለው ኩራት ያ የጠዋቱ ጊዜ ነው።

በዚያ ዓመት ፍል ውሃውንና ትልቁን ሆቴል ከሊዝቦን የመጣ ኩባንያ ያዘው። ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር ሉሴና የሚባል ሰው ነበር፤ ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ለጽዳት ሠራተኛ እንኳ ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጥ። የታደሱት ክፍሎች መስኮት ቁልቁል ገንዳውን ያያል። ርጥብ ዶሮ ይሸታል፣ ላባ ይበናል፣ ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ኩባንያው ገንዳው ተዘግቶ ውሃው ወደ ሆቴሉ አዲስ መዋኛ እንዲዞርለት ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሰው የሚቀበለው ምክንያት ፈለገ።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት፣ ኢንጂነሩ ከጸሐፊው ጋር ወደ አዳራሹ ገባ። ብርጭቆ ለመነ፣ አፍንጫውን ሳይሸበሽብ ጠጣ። ኤርሜሊንዳ ለዚህ አከበረችው። የሥራ ዘመኗን ጠየቃት፤ ነገረችው።

«አርባ ሦስት ዓመት!» አለ። «ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ይህን ውሃ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ታዲያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሁ ውጭ የሚነከሩት ሰዎች ሊጎዱ ይችላሉ፣ አይደል?»

«እርስዎ እንዳሉት፣ ኢንጂነር።»

«ቆዳቸው የሚቆጣም ይኖራል።»

«እርስዎ እንዳሉት።»

ጸሐፊው ይጽፋል። እሷ ብርጭቆውን ትወለውላለች። የተናገረችውን ጆሮዋ እንኳ አልሰማውም፤ ለእንግዳ የተመለሰ መልስ ነውና ከምላሷ አልፎ ልቧ አልገባም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ያለው ሰው ይህችን ከተማ ሳያውቃት አልቀረም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ለሕዝቡ ጤንነት ሲባል የውጭው ገንዳ ሊዘጋ ታስቧል፣ ጉዳዩ ዓርብ በሕዝብ ፊት ይታያል፣ የሚል ነው። ከሥር «የአዳራሹ አንጋፋ ውሃ ቀጂ ዶና ኤርሜሊንዳ በሰጡት ምስክርነት መሠረት» ተብሎ ሁለቱ መልሶቿ ቃል በቃል ሰፍረዋል።

ኦዴቴ ወረቀቱን ያነበበችው ዶሮ በእጇ አንጠልጥላ ነው። ለየምግብ ቤቱ ዶሮ አዘጋጅታ በመሸጥ የምትኖር፣ አፏ የማይታማ ሴት ናት። ዶሮዋን እንዳንጠለጠለች ኤርሜሊንዳ ደጃፍ ቆመች።

«እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ቆዳዬን እዩልኝማ፣ ተቆጥቷል?» አለችና ክንዷን ዘረጋች። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ስዘፈዘፍ መጎዳቴን ሳይነግሩኝ! ለካ ሐኪም ኖረዋል።»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ?»

ኦዴቴ ነገረቻት። ኤርሜሊንዳ መጀመሪያ አላመነችም፤ ሄዳ በዓይኗ አየችው። ስሟ በትልቁ ተጽፏል። ሰው ከኋላዋ ቆሞ ያያታል፤ ማንም አልተናገራትም፤ በካልዳሽ ፊት ለፊት አይነገርም። ደሟ ፈላ። በኢንጂነሩ ተናደደች፣ በጸሐፊው ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ የተናደደችው ግን በዚያች አርባ ሦስት ዓመት በሠለጠነች ምላሷ ነው። ቆርጣ ብትጥላት በወደደች።

ቤት ስትገባ ዜፌሪኖ ሰምቶ ጠብቋታል። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ሊንዳ፣ ከተናገርሽው ምክንያት ሳይኖርሽ አይቀርም» አለና የሾርባ ሳህኑን አቀረበ። ያን ማታ ጎመኑን ሳትናገር ከተፈችው።

በነጋታው ኢንጂነሩ ቢሮ ሄዳ ቃሏን ልታነሣ ለመነች። ወንበር ሳበላት፣ ቡና አስመጣላት፣ አዝኖ ሰማት። ወረቀቱ አልፎ ሄዷል፣ ከእጁ ወጥቷል አለ። ደግሞም ጡረታዋ ሁለት ዓመት ብቻ እንደቀረው ያውቃል፤ ኩባንያው እንደ እሷ ያሉትን አንጋፋ ሠራተኞች ማክበር ይፈልጋል፤ እሷም ይህን ትረዳለች፣ አይደል? አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። እስከ በሩ ሸኛት። ካልዳሽን ቁራጭ በቁራጭ የሸጧት ሁሉ እንዲህ ያሉ ጨዋዎች ናቸው፤ ባለጌ ቢሆኑማ ሰው ድንጋይ ያነሣ ነበር።

ዓርብ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሴቶቹ ቀያይ እጃቸውን በጉያቸው ይዘው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከደጅ ሳሉ «ድንጋዩን ቢነኩት እናያለን» ሲሉ የነበሩ ናቸው። ሊቀመንበሩ ሴኞር አማዴው ራሱ አሥራ አንድ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ እናቱ ስድስት ልጅ ያሳደገችው በዚያ ገንዳ የሰው ልብስ አጥባ ነው። ወረቀቱን አነበበና ተቃውሞ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ አሳለና ሁሉም ዞሮ አየው፤ እሱም ለማሳሉ ይቅርታ ጠየቀ። ዝም አይነቅዝም ብለው አንድ ከተማ ሙሉ አፋቸውን ለጉመው ቁጭ!

ኤርሜሊንዳ ተነሣች።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ቃል ውሸት ነው» አለች።

ሴኞር አማዴው መነጽሩን አወለቀ። «ለኢንጂነሩ ዋሽተዋል ማለት ነው፣ ዶና ኤርሜሊንዳ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ጠየቀኛ! በዚህ አገር ለጠየቀ እንግዳ ሌላ ምን ይመለሳል? አንተስ ባለፈው ዓመት አልጋህ ላይ ትኋን ነክሷት ለጮኸችው ሴትዮ የወባ ትንኝ ነው ብለህ አይደል የሸኘሃት?»

ሰው ሳቀ። ሴኞር አማዴው ጆሮው ቀላ፤ ድምፁን ግን አላነሣም።

«ለሌሎቹ እንግዶችስ? ለበሽተኞቹ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ የኮይምብራ ሰው የልጁን ሠርግ ይጨፍርበት እንደሆነ ጠይቋት «እርስዎ እንዳሉት» ማለቷን፣ እሱም ወይኑ ሳይለቀም መሞቱን ተናገረች። ደም እየተፋች የመጣች ወጣት ሙሽራን «ቀለምሽ ተመልሷል» ማለቷን ተናገረች። አንድ በአንድ፣ በየብርጭቆ ቁጥራቸው ቆጠረቻቸው።

«አርባ ሦስት ዓመት ዋሽቻለሁ» አለች። «የተከፈለኝ ለውሃው አይደለም፣ ለዚያ ነው። እናንተም በዚያው ውሸት በልታችኋል። ስለ ገንዳው የማውቀውን እውነት ከፈለጋችሁ ግን ይኸው፤ እዚያ ነክሮ የተጎዳ ሰው አላየሁም። የወንድሜ እጅ የሚፈታው እዚያ ነው።»

ሴኞር አማዴው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እንግዲህ ዶና ኤርሜሊንዳ ሁልጊዜ እንደሚዋሹ ራሳቸው ነገሩን። ታዲያ ምክር ቤቱ የዛሬውን ይመን ወይስ የዚያን ቀኑን?» አለ። ምክር ቤቱ ገንዳው እንዲዘጋ እጁን አወጣ። አምስት ለምንም። ሕዝቡ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ኦዴቴ በሩ ላይ ክንዷን ይዛ «ጎበዝ፣ እትዬ» አለቻት በሹክሹክታ። «ውስጥ ሳለን ምነው ምላስሽ ጠፋ?» አለችና ኤርሜሊንዳ ክንዷን መነጨቀቻት።

ሰኞ የድንጋዩ አፍ በሲሚንቶ ተደፈነ። ገንዳው ሁለት ቀን ጠብ ጠብ ሲል ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ደረቀ።

ኩባንያው ኤርሜሊንዳን አላባረራትም። እንግዶች በስሟ ይጠይቋታልና ታስፈልጋለች። የኩባንያው ስም በሰማያዊ ክር የተጠለፈበት አዲስ ሽርጥ ላኩላት። ስድብ ቢልኩላት ይቀላት ነበር።

ቤት ውስጥ የቧንቧ ውሃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራ፣ የዜፌሪኖን እጅ ነከረችው። ጣቶቹ አልተፈቱም። በሁለተኛው ሳምንት ካርታ መያዝ አቃተውና ቡና ቤት መሄዱን ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ማለዳ እሷ ሸሚዙን ስትቆልፍለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስትቸኩል ቁልፉን አዛንፋ ቆልፋው ሄደች። ማታ ስትመለስ እንደተዛነፈ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ደጅ አልወጣም፤ ጎረቤት ጠርቶም አላስተካከለም። እራትም አልበላም። ይህን ስታይ ለቅሶዋን ሁሉ ንዴት በላው።

ወቅቱ የሚከፈትበት እሑድ መጣ። ማርሽ ባንዱ በዛፎቹ ሥር ይነፋል፣ አዳራሹ አበባ ተሞልቷል፣ እንግዶቹ ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ። ኤርሜሊንዳ ጠዋት ቀድማ ገብታ የእያንዳንዱን ብርጭቆ ሞልታ ደርድራ፣ የነሐሱን አፍ ዘግታ፣ በእብነ በረዱ ሳህን ያለው ውሃ እጅ እስኪችለው አብርዳዋለች። ከዚያ ወደ ቤት ሄደች። አራት ሰዓት ላይ ዜፌሪኖን ክንዱን ይዛ በዋናው በር አስገባችው። ያለችውን አንዲት ኮት ለብሷል፤ ከሥሯ ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው። ሆን ብላ አልቆለፈችለትም። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልነገረችውም፤ ብትነግረው ከአልጋው አይነሣም ነበር።

ከፋይ የለበሰ የእንግዳ ወንበር ሳበች፣ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ሁለቱን እጆቹን ይዛ ውሃው ውስጥ ከተተቻቸው።

ብርጭቆዎች በየአፉ ቀረቡና ቆሙ። አንዱ የጎረሰውን መሐረብ ላይ ተፋው። ዜፌሪኖ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሲወለድ ጀምሮ የካልዳሽ ሰው ነውና ሊነሣ እየታገለ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ይቅርታ፣ ጌቶቼ። ይቅርታ፣ እመቤቶቼ። አሁን እነሣለሁ፣ አሁን» አለ። ከዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ኤርሜሊንዳን እንደዚያች ቃል ያንገበገባት የለም። እጆቿን እጆቹ ላይ ጭና ወደ ታች ያዘቻቸው።

«አትነሣም» አለችው።

ኢንጂነር ሉሴና በፍጥነት መጣ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገረ። ይህ ለማንም አይበጅም፣ እሷም ይህን ታውቃለች፣ አይደል? እጆቿን ከወንድሟ እጆች ላይ አላነሣችም። ቀና ሲል ዘበኛውን በዓይኑ ጠራው። ዘበኛው የኦዴቴ ባል ነው። መጣና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያ አልፎ አልመጣም። ኢንጂነሩ በስሙ ቢጠራው ጫማውን ያይ ጀመር።

ከእንግዶቹ መሐል ሃያ ዓመት ሳታቋርጥ የመጣች የፖርቶ አሮጊት ከዘራዋን እያስቀደመች ቀረበች። የዜፌሪኖን እጅ በውሃው ውስጥ አጎንብሳ አየችው። ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

«ወንድምሽ ነው? ይድንበታል?»

«እርስዎ እንዳሉት» የሚለው ቃል ሳይጠራ ከምላሷ ጫፍ ደረሰ። ኤርሜሊንዳ ዋጠችው።

«አይድንም፣ እመቤቴ። ይህ ውሃ ማንንም አያድንም፣ እርስዎንም አላዳነም። እሱን ግን ግማሽ ሰዓት ከተዉት እስከ ቀትር ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። ከደጅ ይነከር ነበር፤ ለመዋኛችሁ ብላችሁ የወሰዳችሁበት ይህን ነው።»

አሮጊቷ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረች፣ ወንበር ሳበችና ጎኑ ተቀመጠች። ሌሎቹ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቆሞ ቀረ። ባንዱ አንዱን ዘፈን ጨርሶ ሌላ ጀመረ። ኢንጂነሩ ፖሊስ ሊያስጠራ ወደ ስልኩ ሄደ። ኤርሜሊንዳ ሽርጡን ፈታች፣ የጠለፉበትን ስም ወደ ውስጥ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ዜፌሪኖ ይቅርታ መጠየቁን አቁሞ ነበር። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እጆቹን አወጣ፤ በሱሪው ጠረጋቸው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ሁሉም እያዩት፣ ሳይቸኩል፣ ከታችኛው ቁልፍ ጀመረ።